ሁለት ጣት ጭቃ

“ጋሽ ቱቦ” የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ነዳጅና ጋዝ ፍለጋ ጉድጓድ ሲቆፍር ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ቱቦ ከቱቦ ሲገጠም ጥርሱ በደንብ መያዝ አለመያዙን በድምፁ ብቻ ይለያል። ቁፋሮው የሚመራበትን የማሽኑን ፍሬን እሱ በያዘበት ፈረቃ ሰው ቆስሎ አያውቅም። ይህን ራሱም አሳምሮ ያውቃል፤ ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው።

ኢንጂነሩ አዲሱን ማሽን በአንድ ተሳቢ መኪና ጭኖ ሲያመጣ ጋሽ ቱቦ ዙሪያውን ዞሮ አየውና ሳቀ። የሚቆፍረው ጉድጓድ ከሻይ ሰሃን አይሰፋም።

“ይኼ ቁፋሮ ነው ክትባት?” አለ።

“ክትባት ይሁንልዎ፣ ጋሼ። ከታች ያለውን ለማወቅ ብቻ ተራራ መናድ የለብንም” አለው ኢንጂነሩ።

ጉድጓዱ ሲጠብ ግን ጠባዩም ይለወጣል። በቱቦውና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ጣት አያስገባም። በትልቅ ድስት ላይ አንድ ጭልፋ ውኃ ቢጨመር ማን ያያል? በጠርሙስ ከሆነ ግን አንገቱ ድረስ ይመጣል። ከታች ጋዝ ሲገባ በጉድጓዱ ውስጥ የሚዞረውን ጭቃ እየገፋ ይወጣል፤ ላይ ባለው ገንዳ ውስጥ ያለው ጭቃም ከፍ ይላል። ሰፊው ጉድጓድ ለማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል፤ ጠባቡ ለመሮጫም አይሰጥ። ስለዚህ የጭቃውን ገንዳ ብቻ የምትጠብቅ ሴት ተቀጠረች። በየሩብ ሰዓቱ የጭቃውን ከፍታ በገንዳው ግድግዳ ላይ በጠመኔ ታሰምራለች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እየተጣደፈች ጋሽ ቱቦ ወደሚሠራበት የማሽኑ መድረክ ወጣች። “ጋሼ፣ ሁለት ጣት ጨምሯል። እናቁምና እንየው።”

“ሁለት ጣት?” ጋሽ ቱቦ ሁለት ጣቱን አውጥቶ ለሠራተኞቹ አሳያቸው። “በሁለት ጣት ጭቃ ባቆም ኖሮ የመጀመሪያውን ጉድጓዴን እስካሁን አልጨርሰውም ነበር!”

“ያ ሰፊ ነበራ! ይኼ ጠባብ ነው።”

ሠራተኞቹ ሳቁ። ሳቁ ጋሽ ቱቦን ሞቅ አደረገው። ፍሬኑን ለምክትሉ ሰጥቶ ወረደና የጠመኔ መስመሯን በጓንቱ ጠረገው። “በይ፣ አሁን ከዜሮ ጀምሪ” አላት።

አሥራ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም፣ ጉድጓዱ ጭቃውን እስከ ማሽኑ ምሰሶ ጫፍ ተፋው። ሮጦ የጉድጓዱን ቫልቭ የዘጋው ራሱ ጋሽ ቱቦ ነው። ሰው አልተጎዳም፤ ቱቦው ግን ከታች ተቀርቅሮ ቀረ።

በማግስቱ ኢንጂነሩ “የገንዳው ጭቃ ከፍ ማለቱን የነገረዎት ሰው ነበር?” ብሎ ሲጠይቀው “የነገረኝ የለም” የሚል ቃል ከአፉ አመለጠው። አንዴ ካመለጠ ደግሞ መመለሱ ከበደው። ሠራተኞቹም አቀረቀሩ፤ የሳቀ አፍ መመስከር ይቸግረዋል። ጠባቂዋ “ተናግሬያለሁ” ብትልም የምታሳየው መስመር የለም። የስንብት ደብዳቤዋ ሰኞ ሊሰጣት ተወሰነ።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ባለቤቱ ደስ ብሏት ታወራለች። “ሰፈሩ ሁሉ ስለ አንተ ነው የሚያወራው። እሱ ባይኖር ያ ሁሉ ሰው ያልቅ ነበር ይላሉ። ያቺ ሴትዮ ግን ተኝታ ነበር አሉ?”

“ማነው ተኝታ ነበር ያለው?”

“አንተ ነሃ! አልነገረችኝም አላልክም እንዴ?”

ያነሣውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። እሱ ተኝታ ነበር አላለም፤ ውሸቱ ግን እግር አውጥቶ ከእሱ ቀድሞ ሰፈሩን አዳርሷል። ጆሮው ድረስ ጋለ። ሰው ሲያፍር መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ይላል፤ ሲከፍታት ለኖረው ለጋሽ ቱቦ ግን ይህም አልሆነለትም።

እሑድ ጠዋት የጠባቂዋን ቤት አጠያይቆ አገኘ። የሥራ ቱታዋን እያጠበች ነበር፤ እንዲገባ አላለችውም።

“ልጄ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ነገ ለኢንጂነሩ በግል እነግረዋለሁ።”

“በግል?” እጇን ከአረፋው አወጣች። “ያሳቁብኝ በግል ነበር እንዴ፣ ጋሼ?”

ጋሽ ቱቦ ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ።

ሰኞ በፈረቃ መቀያየሪያ ሰዓት፣ ኢንጂነሩና አሥራ አራት ሠራተኞች በተሰበሰቡበት ተነሣ።

“ነግራኛለች” አለ። “ሁለት ጣት ብላኛለች። መስመሯን የጠረግሁት እኔ ነኝ። ስጠየቅም ዋሸሁ።”

“ኧረ ጋሽ ቱቦ፣ ያኔ ማን ልብ ይላል ብለህ ነው” አለ ምክትሉ ሊያወጣው ፈልጎ።

“አትሸፍንልኝ፤ አንተም ሰምተሃል።”

ምክትሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። ኢንጂነሩ የስንብት ደብዳቤዋን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ “ከዛሬ ጀምሮ ፍሬኑን አይዙም” አለ። ጋሽ ቱቦ ራሱን ነቀነቀ፤ እንዲያውም ይህ ቀለለው።

የከበደው ቀጥሎ የመጣው ነው። ጠባቂዋ ወረቀትና ብዕር ይዛ ፊቱ ቆመች። “ያሉትን ይጻፉልኝ። ቃል ሲጠረግ አይቻለሁ።”

በቱቦ ክምር ላይ አስደግፎ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ጻፈና ፈረመ። እሷም ቃል በቃል አነበበችው።

“ሰዓቱን ረስተዋል” ብላ ወረቀቱን መለሰችለት።

“አራት ሰዓት ከሃያ” ብሎ ጨመረበት። ወረቀቱን ተቀብላው ወደ ገንዳዋ ሄደች፤ ይቅር ብዬዎታለሁም አላለችው።