ሱሪ የለበሰው ጀግና

ዛሬ ሐይቅ ከተማ ባለው ሱቄ ውስጥ እስክሪብቶ ፈሶ ጣቴን ሲያበላሸው፣ የቀለሙ ሽታ የልጅነት ንዴቴን ቀሰቀሰው።

ጎረቤታችን ዘይነባ የፈረንጅ የሥዕል መጽሐፍ አውሳኝ ነበር። በንጽሕና ከመለስኩላት ሌሎች አሥር ልታውሰኝ ቃል ገብታልኝ ነበር። ሽፋኑ ላይ አንድ ጡንቻማ ጀግና ሙታንታውን ከልብሱ በላይ አድርጎ ከዝንጀሮ ጋር ቡጢ ይገጥማል። ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ በእስክሪብቶ ሱሪ ስሎለት ጠበቀኝ።

«አባዬ፣ የሰው ዕቃ እኮ ነው!» ብዬ አለቀስኩ።

«ሰው አድናለሁ ብሎ ወጥቶ መሳቂያ ሲሆን አሳዘነኛ!» አለ፣ ቀበቶ እየጨመረለት።

«ዝንጀሮውንስ ለምን አለበስከው?»

«እሱ ብቻውን ራቁቱን ይቅር?»

ዘይነባ ስታየው በሳቅ ፈነዳች። በማግስቱ አሥሩንም ይዛ መጣችና እኔን አልፋ ለአባቴ ሰጠችው። «ጋሼ፣ እነዚህንም ያልብሱልኝ።»

እሱ አንዱን አልብሶ ሲጨርስ እሷ እየወሰደች፣ እኔ አንዱንም ሳልገልጥ አለቁ። ከዚያ ወዲህ በንግድ ብዙ ከስሬያለሁ፤ እንደዚያ ግን ተናድጄ አላውቅም።

አባቴ አርጅቶ ሱቄ በር ላይ ይቀመጣል። ቅድም ይህንኑ ሳነሳበት፣ «ያን ሁሉ አልብሼ አንዳቸውም አላመሰገኑኝም» አለኝ፤ ከምሩ ተቀይሞ።