አሰልጣኙን ያስቀጠርኩበት ቀን

የፊተኛው አሰልጣኝ የወጣው በእኔ ወጥ ቤት በር ነው። ክለቡ ወደ ታችኛው ሊግ በወረደ ማግስት፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ደጋፊዎቹ ካፉሪ ሰፈር፣ እማገለግልበት ቤት ድረስ መጥተው የግቢውን በር ከበቡት። መጀመሪያ ጩኸት ነበር፤ ከዚያ ድንጋይ መጣ። አንዱ የሳሎኑን መስታወት ሰብሮ ምንጣፉ ላይ አረፈ። አሰልጣኙ፣ ሽበታም ትልቅ ሰው፣ ማቀዝቀዣው ጎን ተለጥፎ ቆሞ ውሃ ለመነኝ። ሲጠጣ ብርጭቆው ከጥርሱ ጋር ይጋጭ ነበር። በጓሮ በር ሳስወጣው ዞር ብሎ «አንቺስ እንዴት ነው የምትወጪው?» አለኝ። ስለ ድንጋዩ የሚያወራ መስሎኝ «እኔን ማን ይነካኛል» ብዬ በሩን ዘጋሁበት።

ያኔ ጦርነቱ አልመጣም፤ ካርቱም ውስጥ ሰው ድንጋይ የሚፈራበት ጊዜ ነበር። እኔ የምፈራው ግን የቤቱን ጌታ ነበር። እሱ የክለቡ ፕሬዚዳንት ነው፤ ሁላችንም ሐጅ እንለዋለን። ከሐይቅ፣ ከወሎ፣ መጥቼ እቤቱ ከገባሁ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በገባሁበት ቀን ፓስፖርቴን ለኢቃማ ነው ብሎ ተቀበለኝና ጽሕፈት ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ማለት ነው፣ ወጣ። ፓስፖርቱ ከመሳቢያው አልወጣም።

እናቴ በዚያ ዓመት ዓይኗ መድከም ጀምሮ ነበር። ስልክ ስደውልላት «የበሩን ብርሃን አያለሁ፤ ሰው ግን ጥላ ሆኖብኛል። ጨርሶ ሳይጠፋ መጥተሽ ልይሽ» ትለኛለች። ሐጁን ፈቃድ ለመጠየቅ ሦስት ሳምንት ሞከርኩ። ሻይ አስቀምጥና አፌን እከፍታለሁ፤ ከዚያ «ስኳር ልጨምር?» ብዬ እወጣለሁ። በመጨረሻ ለሚስቱ ነገርኳትና እሷ አደረሰችልኝ። መልስ ግን አልመጣም። ይህን የማወራው ፈሪ መሆኔ ከወዲሁ እንዲታወቅልኝ ነው።

የአዲስ አሰልጣኝ መረጣው የተካሄደው መስታወቱ በካርቶን በተሸፈነው ሳሎን ውስጥ ነው፤ ሐጁ ደጋፊ ፈርቶ ወደ ክለቡ ቢሮ መሄድ ትቶ ነበር። የመጀመሪያው እጩ ሻዩን ጠጥቶ፣ ኬኩን በልቶ፣ አስቤበት እደውላለሁ ብሎ ሄደ፤ አልደወለም። ሁለተኛው ላፕቶፕ የያዘ ጎልማሳ ነው። እኔ ትሪ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ «አሰላለፉን የማወጣው እኔ ብቻ ነኝ። በጨዋታ ቀን የማንንም ስልክ አላነሳም» አለ። ሐጁ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ሻዩን አስቀምጦ «ያላ፣ ተነሥ» አለው።

ነገሩ የሐጁ የእህት ልጅ ነበር። የክለቡ አጥቂ የእህቱ ልጅ ነው፤ ሠላሳ ሊደፍን ጥቂት የቀረው፣ ጨዋ፣ ወጥ ቤት እየገባ ጠዕሚያ፣ የሽምብራ ጥብስ፣ ከመጥበሻዬ ላይ በትኩሱ እያነሣ የሚበላ። ልቡ ደግ ነው፤ እግሩ ግን አይፈጥንም። ዓመቱን ሙሉ አንድ ጎል ብቻ ነው ያገባው ይላሉ፤ እሱንም ኳሷ ናት እግሩን መታ የገባችው።

ሦስተኛው እጩ ያገሬ ሰው ሆኑ። ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ ጨርቅ የሚነግድ ሐበሻ ነበር ከሐጁ ጋር ያገናኛቸው፤ ሊያስተረጉምላቸውም የነበረው እሱው ነው። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ግን የነጋዴው ኢቃማ ጊዜው አልፎ ኖሮ ፖሊስ መንገድ ላይ አፈሰው። ሐጁ ወጥ ቤት ድረስ መጣ። ወጥ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

«ያ ቢት» አለኝ፤ ሁልጊዜም ልጅት እንደማለት እንዲህ ነው የሚጠራኝ። «የሀገርሽ ሰው መጥቷል፤ ታስተረጉሚያለሽ። ነገሩ ካማረ ለአረፋ ወደ እናትሽ እሰድሻለሁ።»

እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ተከተልኩት። ዐረብኛዬን የተማርኩት እዚያው ቤት ውስጥ ነው። እሺ ለማለት ሓዲር፣ ደግሞ ጠይብ፣ አሁን አመጣለሁ፣ ይቅርታ አልደግመውም። ሰው ለመታዘዝ የሚያስፈልገው ቃል ሁሉ ነበረኝ።

አሰልጣኙ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ሃምሳን አልፈዋል። ነጭ ሸሚዛቸው በደንብ ተተኩሷል፤ ኮሌታው ግን አልቋል። በገዳሪፍ በኩል በአውቶቡስ ነው የመጡት። «ቆመሽማ አይሆንም እህቴ፣ ተቀመጪ» አሉኝ። ሐጁን አየሁትና ሳልቀመጥ ቀረሁ።

ሳህኑ ላይ ከነበረው ተምር አሥራ አንድ ፍሬ ለቅመው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ተከላካዮቹ እዚህ፣ አማካዮቹ እዚህ፣ እያሉ ያስረዳሉ፤ እኔ እንደምንም አደርሳለሁ። ሐጁ እየሰማ ከፊት ከነበሩት ሁለት አጥቂዎች አንዱን አንሥቶ በላው። አሰልጣኙ ፈገግ ብለው የቀረውን ወደ መሃል አስጠጉት። ወደድኳቸው። ይሄኔ ነው ፍርሃቱ የጀመረኝ።

«እንግዲህ አንድ ነገር ንገሪልኝ» አሉ። «ተጫዋች የምመርጠው እኔ ነኝ። በጨዋታ ቀን እሳቸውም ቢሆኑ አይደውሉልኝም። በዚህ ካልተስማሙ በመጣሁበት አውቶቡስ እመለሳለሁ።»

ባለ ላፕቶፑ የተነሣው ከዚያው ወንበር ላይ ነበር። ሐጁ እየጠበቀኝ ነው። እናቴ በሩን ይዛ ስትቆም ታየችኝ። «ተጫዋች ሲመርጥ እርስዎን ማማከር ደስ ይለኛል ይላል» አልኩት በዐረብኛ።

ሐጁ ፊቱ ፈካ። «ይኸው አደብ ያለው ሰው» አለ። ቀጠለና «ፓስፖርቱ እኔ ዘንድ ይቀመጣል፤ ውሉ እስኪያልቅ አያገኘውም። ያንቺንም እዚሁ እንደያዝኩት ንገሪው» አለኝ።

«ፓስፖርትዎን ለመኖሪያ ፈቃድ ይፈልጉታል፤ በሳምንቱ ይመልሱልዎታል» አልኳቸው።

ከዚያ የሐጁ ስልክ ጮኸ። ተነሥቶ ካርቶኑ ጋ ቆሞ ያወራ ጀመር፤ ዓይኑ ግን እኛ ላይ ነው። አሰልጣኙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እህቴ፣ አንቺ አብረሻቸው ትኖሪያለሽ። ምን ዓይነት ሰው ናቸው? እንደ ወንድምሽ ቁጠሪኝና እውነቱን ንገሪኝ» አሉ።

ሐጁ አማርኛ አያውቅም። ሁሉን ብዘረግፈው አንዲት ቃል አይገባውም ነበር። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ እንደነገርኩት አላህ ያውቃል። ግን ፊቴን ያነበዋል ብዬ ፈራሁ። «ደግ ሰው ናቸው» አልኳቸው። ለእናቴም በየስልኩ የምነግራት ይህንኑ ነበር።

ተጨባበጡ። ፓስፖርታቸው መሳቢያው ውስጥ ገባ። ቁልፉን ሐጁ እንደ ወትሮው ግድግዳው ላይ ካለው የሠርጉ ፎቶ ጀርባ ሰቀለው። የዚያን ፎቶ አቧራ የምወለውለው እኔ ነኝ፤ ቁልፉ የት እንደሚውል ካወቅሁ ዓመታት ሆኖኛል። ነክቼው ግን አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አልነበረኝም። አሰልጣኙ ካላክላ በሚባል ሩቅ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ሁለት ሚኒባስ እየቀያየሩ ወደ ሜዳ ይመላለሳሉ። ለስብሰባ እቤት ሲመጡ በወጥ ቤት በኩል ብቅ ብለው ሰላም ይሉኛል። «ፓስፖርቴ አልደረሰም?» ሲሉኝ «ኢንሻአላህ፣ በዚህ ሳምንት» እላቸዋለሁ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ነገሩ የወጣ ይመስለኛል። ሁለት ብርጭቆ ሰበርኩ። ያንድ ቀን ነገር ነው፣ ይረሳል ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፤ ግን ሁለቱም ያልተስማሙበት ስምምነት አንድ ቀን መውጣቱ እንደማይቀር አውቀዋለሁ።

የወጣው በመጀመሪያው ጨዋታ ነው። ሐጁ ሜዳ አልሄደም፤ በሬዲዮ ነበር የሚከታተለው። የእህቱ ልጅ ተቀያሪ ወንበር ላይ መቀመጡን ሲሰማ ሬዲዮውን ይዞ ወጥ ቤት መጣ። ባዶ ለባዶ ለእረፍት እንደወጡ አሰልጣኙ ጋ ደወለና ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ በሽንኩርቱ መክተፊያ ላይ አስቀመጠው።

«ልጁን ያስገባ በይው።»

«ጋሼ» አልኩ፣ «ሐጁ የእህታቸውን ልጅ ያስገቡት ይላሉ።»

«እንዴ፣ መጀመሪያ ቀን ተነጋግረን የለ?» አሉ። «አልነገርሽልኝም?»

«ምን አለ?» አለ ሐጁ።

ዘይቱ መጥበሻው ላይ ይንጫጫል። «አልነገርኳቸውም» አልኩ በአማርኛ። «ፈርቼ ነው። ፓስፖርትዎንም አይመልሱልዎትም። ዋሽቼዎታለሁ ጋሼ።»

ከወዲያ በኩል የደጋፊው ከበሮ ብቻ ነበር የሚሰማው። ስድብ ጠበቅሁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«አሁን አጠገብሽ ናቸው?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«እሺ። ይገባል በያቸው። አንቺን እንዳይነኩሽ።»

ወደ ሐጁ ዞሬ «ሓዲር ብሏል» አልኩት። እሱም ሬዲዮውን አንሥቶ ረክቶ ወጣ።

ልጁ ገባ። ሊያልቅ ሲል መሃል ሜዳ ላይ ተጋጣሚዎቹ ከእግሩ የነጠቁት ኳስ ሄዶ ጎል ሆነ፤ አንድ ለባዶ ተሸነፉ። ደጋፊው ድንጋዩን በአሰልጣኙ ላይ አዘነበው። በማግስቱ ግንባራቸውን በፋሻ ጠቅልለው ያ ሳሎን ውስጥ ተቀመጡ። ሐጁ «መባረሩን ንገሪው። ፓስፖርቱ ግን እስካጣራ ይቆያል» አለኝ። ያን ቀን አንዲት ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ። አሰልጣኙ ተምሩን እያዩ ሰሙኝ። የፊተኛውን እንዳስወጣሁት እሳቸውንም በወጥ ቤቱ በኩል ላስወጣ ታዘዝኩ። ሐጁ ለዙሁር ሶላት ወደ መስጊድ ሄደ።

«ትንሽ ይቆዩኝ» ብዬ ማቀዝቀዣው ጎን አቆምኳቸው።

ሳሎኑን ያቋረጥኩት በባዶ እግሬ ነው። ቁልፉን ሳወርድ የሠርጉ ፎቶ ተንጋደደ፤ አላቃናሁትም። መሳቢያው ተከፈተ። የእሳቸው ፓስፖርት ከላይ ነው፣ የእኔ ከሥሩ። የእሳቸውን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ልዘጋ ስል እጄ የራሴን ገለጠው። ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ ጉንጯ ሙሉ ነው። ከፎቶው ሥር የማብቂያ ቀኑ ተጽፏል። ያለቀው ከረመዳን በፊት ነው። ሐጁ ወጥ ቤት ገብቶ አረፋን ቃል ሲገባልኝ ፓስፖርቴ ካለቀ ወራት አልፎት ነበር።

ያውቅ እንደነበር አላውቅም። ምናልባት አንድ ቀን እንኳ ገልጦ አላየውም ይሆናል፤ ይበልጥ ያመመኝ ይሄኛው ነው። ያን ሁሉ የዋሸሁት ጊዜው ላለፈበት ወረቀት ነበር። መልሼ ከተትኩትና ቆለፍኩበት።

አሰልጣኙ ፓስፖርታቸውን ተቀብለው ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ። «አንቺስ?» አሉ።

«የኔ አልቋል» አልኳቸው።

ፓስፖርታቸውን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ «እግዜር ይስጥሽ» ብለው ወጡ፤ ፋሻቸው ከአጥሩ በላይ እስኪጠፋ አየሁት።

ሐጁ ማምሻውን መሳቢያውን ከፈተ። ጠራኝና «ማን ነው የወሰደው?» አለ። ጠረጴዛውን ያዝኩ። «እኔ ነኝ የሰጠሁት» አልኩት። «እንግዲያው አረፋን እርሺው» አለና ሻይ አዘዘኝ። ሻዩን አፈላሁለት።

ለእናቴ ደወልኩ። «ለአረፋ አልመጣም እማ» አልኳት።

«ምነው? ደግ ሰው ናቸው አላልሽኝም ነበር?»

«ፈርቼ ነው» አልኳት።

አገሬ የገባሁት ጦርነቱ ሁላችንንም ካባረረን በኋላ ነው፤ ሐጁ ቤተሰቡን ጭኖ ሲወጣ መሳቢያውን ክፍት ትቶት ነበር። ያን ያለፈበት ፓስፖርት ይዤ ከብዙ ሰው ጋር በመተማ ተሻገርኩ። ፈሪ ለእናቱ ይላል ያገሬ ሰው፤ ፈሪ ከሞት ሸሽቶ ለእናቱ ይተርፍላታል ለማለት። እኔም ተርፌ ደረስኩ። እናቴ ዓይኗ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር፤ በድምፄ አውቃኝ በሩ ድረስ መጣች። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አገጬን ዳሰሰች። የካርቱም ፀሐይ ሰው እንደሚያከስል ከጎረቤት ሰምታለች።

«ጠቁረሻል?» ብላ ጠየቀችኝ። አልጠቆርኩም ብላት ታምነኝ ነበር።

«አዎ እማ» አልኳት። «ጠቁሬያለሁ።»