ነጥብ ሁለት መቶ አሥራ አራት

የሞባይል ኩባንያዎችን በሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁሉም «ለኪዋ» ይላታል። ሥራዋ ጣሪያው ላይ አንቴና በተተከለ መኪና እየዞሩ፣ ኩባንያዎቹ «ኔትወርክ አለ» ያሉት ቦታ ላይ እውነት አለ ወይ ብሎ መለካት ነው። ቂም ስትይዝ ደግሞ ለጉድ ነው። አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከአራት ዓመት በፊት ሳይጠይቃት ወንበሯን ወስዶባት ነበርና፣ እስከ ዛሬ እሱ ክፍል ስትገባ ቆማ ትጉላላለች እንጂ አትቀመጥም። ሰውዬው ወንበሩን መልሷል፣ ይቅርታም ጠይቋል። ማን ሰምቶት!

ይህ እንግዲህ የወንበር ቂም ነው። ትልቁ ሌላ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ታናሽ እህቷን ባገባችበት ሰፈር ምጥ ያዛት። ሰፈሩ ከጋራ ሥር የተወሸቀ ነው። ባሏ አምቡላንስ ሊጠራ ስልኩን ቢሞክር ኔትወርክ የለም። ጣሪያ ላይ ወጣ፣ የለም። በመጨረሻ ጋራውን በሩጫ ወጥቶ ከአናቱ ላይ ደወለ። አምቡላንሱ መምጣቱን መጣ፤ ሲደርስ ግን እናትም ልጅም አልፈው ነበር።

ከለቅሶው ስትመለስ ለኪዋ ቢሮ ገብታ ያንን አካባቢ የያዘውን የሞባይል ኩባንያ የሽፋን ካርታ ከፈተች። ኔትወርክ ያለበት አረንጓዴ፣ የሌለበት ነጭ ነው። የእህቷ ሰፈር አረንጓዴ ነበር። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አረንጓዴ ለተቀባ ሰፈር ማንም ማማ አይተክልለትም፣ አለው ተብሎ ተዘግቷላ። ከካርታው ግርጌ የኩባንያው የዕቅድ ኃላፊ ፊርማ አለ። ሰውዬው መርዶም ቢያረዳ ፈገግ ብሎ ስለሆነ «ሳቂታው» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል።

እናቷ የሽፋን ካርታ የሚባል ነገር አይታ አታውቅም። ልጇ ስታስረዳት የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሆነ ሰው የሌለውን አለ ብሎ ጽፏል። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ለኪዋ ልትጠይቃት ስትመጣ፣ እናት የሟቿን ፎቶ እያየች «ያንን የጻፈ እጅ ይድረቅ!» ትላለች። ለኪዋም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «አሜን» ትላለች፣ ከአንጀቷ።

መክሰስ አልፈለገችም። ክስ ቀጠሮ አለው፣ ሽማግሌ ይገባበታል፣ ይቅር በይ ይመጣበታል። እሷ የፈለገችው ሳቂታው ሰው በተሰበሰበበት ሲዋረድና ያ ፈገግታ ከፊቱ ላይ ሲወልቅ ማየት ነው። ለዚያ የሚሆን አንድ ቀን ነበር፤ የኩባንያው ፈቃድ የሚታደስበት ቀን። ኩባንያው ከመቶ ሰው ሰማንያ አምስቱን ማዳረሱን ካላሳየ ፈቃዱ ይታገዳል፣ ካርታውን የፈረመውም ወንበሩን ይለቃል። ቀኑ ገና ሦስት ዓመት ይቀረው ነበር። ለኪዋ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች። በመሃል የደረጃ እድገት ቢመጣላት ከመኪናው ያወርደኛል ብላ እምቢ አለች።

ልኬቱ ሲጀመር ሳቂታው እንደ ልማዱ የጉዞውን መርሐ ግብር ቀድሞ አግኝቶ በዋናው መንገድ ዳር ያሉትን ማማዎች ኃይል አስጨመረ። መኪናው ውስጥ ያለው መሣሪያ ሁሉንም ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው አለ። ሆኖም መመሪያው ውስጥ ማንም የማይነካት አንዲት አንቀጽ ነበረች፤ ለኪው ከፈለገ ከአሥር የመለኪያ ነጥብ አንዱን ራሱ መርጦ በእግሩ ሄዶ መለካት ይችላል። ከመኪና መውረድ የሚወድ ለኪ ስለሌለ አንቀጿ አቧራ ስትጠጣ ኖራለች።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ያቁሙልኝ» አለችው ሾፌሩን።

«ደግሞ ልትወርጂ? አንቺ ልጅ ዘንድሮ ጫማሽን ጨርሰሽ በባዶ እግርሽ ልትገቢ ነው።»

«እርስዎ ትንሽ ጋደም ይበሉ።»

«መች ታስተኚኛለሽ! ቂምሽ ከኋላ ወንበር ሆኖ ያንኮራፋል» አለ ሾፌሩ፣ መኪናውን እያቆመ።

ሰው በሚይዘው ስልክ፣ ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ ለካች። ጓዳ ገብታ፣ ወፍጮ ቤት በር ላይ ቆማ፣ ከትምህርት ቤቱ ጥቁር ሰሌዳ ሥር። አርባ ሰባት አረንጓዴ ሰፈሮች ነጭ ሆነው ተገኙ። እህቷ ቤት ገብታ አልጋው በነበረበት ጥግ ስልኩን አየችው፤ ምንም። አማቿ ከሳጥን ውስጥ አንድ ወረቀት አወጣላት። ሚስቱ ከመሞቷ ከዓመት በፊት የሰፈሩ ሰው «ኔትወርክ የለንም» ብሎ ለኩባንያው የጻፈው አቤቱታ ግልባጭ ነው። «ደርሶናል» የሚል ማህተም አለበት፤ ማህተሙ ላይ የሳቂታው ፊርማ። ያውቅ ነበር ማለት ነው። ነጭ ብቀባው መቶኛዬ ይወርዳል ብሎ ዝም አለ። ለኪዋ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ወደ መኪናው ስትመለስ ታንጎራጉር ነበር።

ደስታዋ የቆየው እስከ ሐሙስ ነው። ሐሙስ ሳቂታው የቢሮዋ ኮሪደር ላይ ጠበቃት።

«እህቴ፣ ስለ እህትሽ በጣም አዝኛለሁ።»

«እሷን በአፍዎ እንዳይጠሯት።»

«እሺ፣ አልጠራም። ይቺን ግን እይልኝ» ብሎ አንድ አሮጌ ወረቀት ዘረጋላት፣ እየሳቀ።

የአሥራ አንድ ዓመት ወረቀት ነው። ሰፈሩን መጀመሪያ አረንጓዴ ያስባለው ኩባንያው ሳይሆን የመሥሪያ ቤቷ የራሱ ልኬት ኖሯል። «ነጥብ 214፣ ተለክቷል፣ ጠንካራ።» ፊርማው የሷ ነው። ያኔ ሥራ በያዘች በዓመቷ፣ ዝናብ መንገዱን ቆርጦት መኪናው ከጋራው አናት ማለፍ አቃተው። ከዚያው ሆና ለካችና ከታች ያለውን ሰፈር እንደለካች አድርጋ ሞላችው። ቅጹ ላይ ሰፈር ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው፤ እህቷም ያኔ ገና አላገባችም። ያ አናት አማቿ ስልክ ይዞ ሮጦ የወጣበት አናት ነው።

«አንቺ ሪፖርትሽን መሳቢያ ውስጥ ትከቻለሽ፣ እኔ ይህችን። ሁላችንም ሰው ነን፣ እንሳሳታለን» አለ ሳቂታው።

ሰማይ ተደፋባት። መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈችና እጇን ታጠበች፤ ደግማ ታጠበች። ስንት እሑድ ነው አሜን ያለችው? አፈረች፣ ፈራችም። ቂሟ ግን ጭራሽ አልበረደም፤ እንዲያውም አንድ ሰው ተጨመረበት።

ሰኞ ዕለት፣ ፈቃዱ በሚታደስበት ቀን፣ አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞላ። ሳቂታው ፊት ወንበር ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ለኪዋ ተነስታ ድምፅ ማጉያውን ወደ አፏ አቀረበች።

«ከአርባ ሰባቱ ውሸት የራሴን ላስቀድም» አለች፣ ከመዝገብ ቤት ያስወጣችውን የአሮጌውን ወረቀት ግልባጭ ከፍ አድርጋ። ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ ፊርማዋን አንድ በአንድ አነበበች። «እኔ ያልደረስኩበትን ደርሻለሁ ብዬ ጻፍኩ። እኚህ ሰውዬ ግን ሰፈሩ ነግሯቸው፣ ፈርመው ተቀብለው፣ ዝም አሉ።» ከዚያ አቤቱታውን አነበበች።

ፈገግታው ወለቀ። አልዋሽም፣ ደስ አላት፤ ዓይኗን ሳትነቅል ጠግባ አየችው። በሳምንቱ ፈቃዱ ታገደ፣ ሰፈሮቹ ነጭ ተቀቡ፣ ሳቂታው ተሰናበተ። እሷም የመኪናውን ቁልፍና መሣሪያዎቿን አስረክባ የዲሲፕሊን ደብዳቤዋን ተቀበለች።

እሑድ እናቷ ዘንድ ሄደች።

«ተገኘ አሉ» አለች እናት። «ያ ሰውዬ ነው አይደል?»

«እሱ እያወቀ ዝም ያለው ነው፣ እማ። አዋርጄልሻለሁ። መጀመሪያ የጻፈው ግን...» አለችና ቀኝ እጇን እናቷ ጉልበት ላይ አስቀመጠች።

እናት እጁን አየችው፣ ከዚያም ልጇን። ሦስት ዓመት ሙሉ ያላስታጎለችው እርግማን ከንፈሯ ላይ ደርሶ ቆመ። ለኪዋ አሜን ለማለት ተዘጋጅታ ጠበቀች። እርግማኑ አልወጣም። እናቷ እጁን አልሳመችውም፣ ከጉልበቷ ላይም አላነሳችውም።