ከሞስ እስከ ኦስሎ፣ የእናቴን ስለት ይዤ

ባለፈው ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያናችንን ዕቃ ቤት ስናጸዳ፣ ኃላፊዋ ወይዘሮ አልማዝ አንዲት የደበዘዘች ጃንጥላ ከጥግ አውጥተው አራገፏት። በአንድ ወቅት ቀይ ከፋይ ነበረች፤ አሁን ቀይ ናት ለማለት ይከብዳል። ዘርፏ ግማሹ ረግፏል። ጎኗ ላይ ደግሞ መዳፍ የሚያህል፣ ሰማያዊ አበባ ያለበት የመጋረጃ ጨርቅ ተጥፎባታል።

«ይቺን እንኳ ብናሰናብታት» አሉኝ። «ለመሆኑ በቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ላይ መጋረጃ የሰፋው ማን ነው?»

«ቪትስተን የምትባል መንደር ያሉ አንዲት የኖርዌይ አሮጊት ናቸው» አልኳቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ጃንጥላዋን ተቀብያቸው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ እንኳ ብዙም አላጸዳሁም።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ኦስሎ ዳር ሆልምሊያ በሚባል ሰፈር እኖርና ጠዋት ጠዋት ቢሮ አጸዳ ነበር። የመኖሪያ ፈቃድ ጥያቄዬ ሁለት ጊዜ ውድቅ ሲሆን፣ ድሬዳዋ ያለችው እናቴ ለቅዱስ ገብርኤል ተሳለች። «ወረቀቱን ካገኘ በእግሩ መጥቶ፣ በገዛ እጁ ጃንጥላ ያስገባልሃል» ብላ። ከድሬዳዋ ቁልቢ ድረስ በእግር መሄድ በእኛ አገር ብርቅ አይደለም። እናቴም እኔን አርግዛ ሄዳዋለች፤ ባጠፋሁ ቁጥር ያንን መንገድ ታነሳብኝ ነበር።

ወረቀቱ መጣ። የተሰጠኝ የጉዞ ሰነድ ግን ከኢትዮጵያ በስተቀር ወደ ሁሉም አገር ያስኬዳል የሚል ነበር። ለእናቴ በስልክ ነገርኳት።

«ገብርኤል እዚያም አለ አይደል?» አለችኝ።

«አለ።»

«እንግዲያው እዚያው አስገባለት። መንገዱን ግን እንዳታሳጥርበት።»

ጃንጥላዋን ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው አመጣልኝ፤ ከቁም ሣጥኑ ኋላ አቆምኳት። ከዚያ ሐምሌ አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ። እሑድ ሥራ አለብኝ፤ ሥራ ከሌለ ድካም አለብኝ። ደግሞስ ከሆልምሊያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በባቡር ሩብ ሰዓት ለማይሞላ መንገድ የቱን ላርዝመው? እናቴ በደወለች ቁጥር «አደረስከው?» ትለኛለች። አንድ ቀን ሰልችቶኝ «አደረስኩ እማዬ» አልኳት።

እናቴ የጠፋ ውሃ በቧንቧ ሲመጣ እልል የምትል ሴት ነበረች። ያን ቀን ግን «ተመስገን» አለችና ብርዱ እንዴት ነው ብላ ጠየቀችኝ። አመነችኝ ብዬ እፎይ አልኩ። እፎይታዬ አልቆየም፤ ዓመቱን ሙሉ ከዚያ ቁም ሣጥን አጠገብ ስተኛ ከአበዳሪዬ ጋር አንድ ክፍል የተከራየሁ ይመስለኝ ነበር።

በመጨረሻ ለጎረቤቴ ለተስፋዬ ነገርኩት። ተስፋዬ ጴንጤ ነው፤ አረጋውያን የሚጦሩበት ሲኬየም ውስጥ ይሠራ ነበር። ከጌታ ቀጥሎ የሚወደው ሳይክል ነው ብለን እናሾፍበታለን። ሰምቶኝ ሲያበቃ ካርታ ዘረጋ።

«ከድሬዳዋ ቁልቢ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?»

«ወደ ሰባ ይሆናል መሰለኝ።»

ጣቱ ከኦስሎ ተነስታ የባሕሩን ዳርቻ ይዛ ወደ ደቡብ ወረደችና ሞስ ላይ ቆመች። «ይኸውልህ ድሬዳዋህ። ፔዳል የሚረግጠውም እግር ነው። እኔ በስለት አላምንም። እናትን መዋሸት ግን በእኛም ቤት ኃጢአት ነው» አለኝ።

በፈረንጆቹ 2015 የሐምሌ ገብርኤል እሑድ ላይ ዋለ። ሞስ የሚኖረው የተስፋዬ የአጎት ልጅ ዋዜማውን በሥራ መኪናው መጥቶ እኛንም ሳይክሎቻችንንም ጫነን፤ እሱው ቤት አደርን። በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስንነሳ ፀሐይዋ ቀድማን ወጥታ ነበር። ጃንጥላዋን በላስቲክ ጠቅልዬ ከሳይክሉ ጋር በገመድ አሰርኳት። እስካስረክባት ድረስ እህል አልቀምስም ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር።

ባሕሩ በግራችን፣ የገብስ ማሳው በቀኛችን ነበር። በልጅነቴ የማውቀው ሐምሌ ሌላ ሐምሌ ነው፤ እዚህ ሐምሌ ታጭዶ የተከመረ ሣር ሣር ይሸታል። ሶን በምትባለው ትንሽ ከተማ ነጫጭ የእንጨት ቤቶች ውሃው ጫፍ ድረስ ወርደዋል፤ ጀልባዎቹ ሲወዛወዙ የገመዳቸው ሲጥሲጥታ ይሰማል። ሰው አልተነሳም። ተስፋዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቡናማ አይብ ያለበት ዳቦውን ያለ ሐፍረት ፊቴ ገመጠ።

«አንተ ጹም፣ እኔ እጸልይልሃለሁ» አለኝ አፉ እንደሞላ።

አራት ዓመት ኖሬ ያችን አገር አላየኋትም ነበር። የማውቀው ባቡር ጣቢያዋንና ቢሮዋን፣ እሱንም ሠራተኞቹ ሳይገቡ ነው። ያን ጠዋት ላሞቿን አየሁ፣ አጥር ላይ የተንጠለጠለ እንጆሪዋን አየሁ። ደስ አለኝ።

ከሶን ወጥተን ዳገቱ አናት ላይ ስንደርስ ነፋሱ ከባሕሩ በኩል መጣ። ላስቲኩ ቀድሞ ላልቶ ኖሯል፤ ጃንጥላዋ ቧ ብላ ተከፈተችና ከነሳይክሌ ወደ ጎን ወሰደችኝ። እኔ ቦይ ውስጥ፣ እሷ የሽቦ አጥር ላይ አረፍን። ጉልበቴ ደማ። ከፋዩ በመዳፍ ልክ ተቦጭቋል። ለእኔ ጉልበት ማን ይጨነቃል፤ ለእሷ ግን እንባዬ መጣ።

«ከዚህ አውቶቡስ አለ። በቃ፣ ዋናው መድረሱ ነው» አልኩ።

«አዎ፣ አውቶቡስ አለ» አለ ተስፋዬ ገመዱን እየሰበሰበ። «አንዱን ውሸት ልታጠፋ መጥተህ በሁለተኛው ተሳፍረህ ልትመለስ ነው?»

ተናደድኩበት። ንዴቱ ግን ከቦይ አወጣኝ።

ቪትስተን ስንደርስ አንዲት አሮጊት ግቢያቸው ውስጥ ልብስ ያሰጣሉ። መርፌና ክር ይኖራቸው እንደሆነ ጠየቅናቸው። ጃንጥላዋን ገልብጠው አዩ፣ ዘርፏን ነካኩ።

«ይሄ ዝናብ ይችላል?» አሉ።

«አይ፣ ለዝናብ አይደለም» አልኩ። ስለትን በኖርዌይኛ ምን እንደምለው ጠፋኝ።

«ለእናቱ ነው» አላቸው ተስፋዬ።

ሴትዮዋ ከመጋረጃ የተረፈች ጨርቅ አምጥተው ቸኩለው መስፋት ጀምረው ነበር። ይህንን ሲሰሙ ቆም አሉ። የሰፉትን ፈቱትና ገና ከመጀመሪያው፣ በጥቃቅኑ ይሰፉት ጀመር። ቅዳሴው ተጀምሯል፤ እኔ ሰዓቴን አያለሁ፤ ተስፋዬ በክርኑ ይጎሽመኛል። የጋገሩትን፣ ቫፍል የሚሉትን ጣፋጭ ቂጣ አልበላም ብላቸው በወረቀት ጠቅልለው ኪሴ ከተቱት።

ከድሮባክ ከተማ በኋላ ያለው የጫካ መንገድ እንዴት እንዳለቀ አላስታውስም። ጉልበቴ በአንድ በኩል፣ ረሃቡ በሌላ በኩል ይዘውኛል። የማስታውሰው ቁልቁለቱን ጨርሰን በሆልምሊያ በር ስናልፍ ነው። ትንሽ ወጣ ቢሉ ቤቴ ነው፤ ባቡር ጣቢያው ነው። ተስፋዬ ወደ ኋላ ዞሮም አላየኝም። ጥርሴን ነክሼ ፔዳሉን ረገጥኩ።

ስንደርስ ቅዳሴው አልቋል። ታቦቱ ገብቷል፤ ሕዝቡ አዳራሽ ውስጥ ምሳ እየበላ ነው። በቁምጣ፣ በደማ ጉልበት፣ የተጣፈች ጃንጥላ ይዤ ቄሱ ፊት ቆምኩ።

«የማን ስለት ነው?» አሉኝ እንደ ወጉ።

የእናቴን የክርስትና ስም ነገርኳቸው። «ዘግይቷል አባቴ። ደግሞም ሳላደርስ አደረስኩ ብያት ነበር።»

መጣፊያዋን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። «አሁን ደርሷል» አሉና ተቀበሉኝ።

ውጭ ደረጃው ላይ ቫፍሉን ለሁለት ከፍለን በላነው፤ ከዚያ ወደ ድሬዳዋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ዛሬ አደረስኩ።»

ያምናውስ ብላ እስክትጠይቀኝ ጠበቅኩ። አልጠየቀችኝም። እልልታዋ ስልኩን ሞላው፤ ከጆሮዬ አራቅኩትና ተስፋዬም ሰማ። ጎረቤቶቿ ምን ተገኘ እያሉ ሲገቡ ይሰማኛል። ትንፋሿ ሲመለስ «እልልታዬን አምና አውጥቼው ቢሆን ዛሬ በምን እልል እል ነበር?» አለችኝ። ቀጥላም «መንገዱ ረጅም ነበር?» አለች።

«ረጅም ነበር እማዬ።»

«ጎሽ የኔ ልጅ።»

እናቴ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። ተስፋዬ ወደ ሰሜን ሄዶ አግብቷል፤ አሁንም በየሐምሌው «ድሬዳዋ እንሂድ?» ብሎ ይጽፍልኛል። ወይዘሮ አልማዝ ታሪኩን ሰምተው ሲያበቁ መነጽራቸውን አደረጉና ጃንጥላዋን ከእጄ ወሰዷት። ዘርፏን እሳቸው ሊያድሱት ነው፤ መጣፊያዋን ማንም እንዳይነካ አዘዋል።

ለብዙ ጊዜ ያን ቀን የማስበው እኔ የደከምኩበት ቀን አድርጌ ነበር። አሁን የማስበው የእሷን ዓመት ነው። ልጇ እንደዋሻት እያወቀች፣ አንድም ቀን ሳትገልጥብኝ፣ እልልታዋን ይዛ ስልክ አጠገብ የተቀመጠችበትን ዓመት። ብትቆጣኝ ኖሮ በማግስቱ በባቡር አድርሼው እገላገል ነበር። እናቴ ግን ለእኔም መንገዱን አላሳጠረችልኝም።