ከድልድዩ ማዶ ያለችው አንድ ሰዓት

ኤቫሪስቶ ሲብሪያን ሰው በመጠበቅ ያረጀ ሰው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ከፖርቶ ቫላርታ ሆቴሎች ደጃፍ እንግዳ ጭኖ፣ በሰሜን በኩል ያሉትን የባሕር ዳር ከተሞች አዙሮ አሳይቶ፣ ማታ እዚያው መልሶ ያራግፋል። ሥራህ ምንድን ነው ቢሉት «ሹፌር ነኝ» ይላል እንጂ መንዳቱስ ቀላል ነው፤ ጠመዝማዛውም መንገድ፣ በየመንደሩ መግቢያ ያለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታም ለምዶታል። የሚገድለው መጠበቁ ነው። ኮፍያውን ረስቶ የተመለሰውን ይጠብቃል። መጸዳጃ ቤት ገብታ የቀረችውን ይጠብቃል። በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ጨጓራውን የላጠው ቃሪያ አይደለም፤ «አሁን መጣን፣ ዶን ኤቫሪስቶ» የምትባለው ነገር ናት።

የዚያን እሑድ ግን የሚጠበቀው እሱ ነበር።

የተወለደው ኤል ማንግሌ በምትባል መንደር ነው። እናቱ ዶኛ ኤርሚላ እዚያ ባሕሩ ዳር በዘንባባ የተከደነች ዳስ አለቻቸው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ዓሣ ለሁለት ሰንጥቀው በማንግሮቭ እንጨት ፍም ላይ ሲጠብሱባት ኖረዋል። ዳሷ የእሳቸው ናት፤ የቆመችበት አሸዋ ግን የመንደሩ የመሬት ማኅበር ነው። አንድ ሆቴል መጥቶ «ያንን አሸዋ ለሠላሳ ዓመት አከራዩኝ፣ ዳሶቹ ግን ይነሡ» ካለ ስምንት ወሩ ነው። በስምንት ወር ውስጥ ወንድማማች ተኳርፏል፣ አበልጅና አበልጅ መንገድ ላይ ሲተያይ ፊቱን ያዞራል። ክርክሩ ሁሉ አልቆ አሁን የቀረው እጅ ማውጣት ብቻ ነበር። እሑድ በስድስት ሰዓት፣ በማኅበሩ አዳራሽ። ከተገኙት አባላት ከሦስት ሁለቱ ከደገፉ መሬቱ ይሄዳል፤ ካልደገፉ ሆቴሉ ሌላ ባሕር ይፈልግ።

ዶኛ ኤርሚላ ድምፅ የላቸውም። የማኅበሩ መብት የሚተላለፈው ለአንድ ወራሽ ብቻ ነውና፣ ባላቸው ዶን ክሬሴንሲዮ የሞቱ ዕለት ወረቀቱ ሲከፈት የተገኘው የኤቫሪስቶ ስም ነበር። ዳሷ የቀረላት ነገር ቢኖር የእሱ ቀኝ እጅ ነበር።

ሐሙስ ማታ ደወሉለት።

«እሑድ ሥራ እንዳትይዝ።»

«ሥራው እኮ ነው እማዬ ወደዚያ የሚያመጣኝ። ሰባት ሰው ይዤ እመጣለሁ፤ እርስዎ ሰባት ዓሣ ይሸጣሉ፣ እነሱ ሲበሉ እኔ ብቅ ብዬ ድምፄን እሰጣለሁ። ከዚህ ወዲያ ምን ይፈልጋሉ?»

«ሰው የጫነ ሰው የራሱ አይደለም። ብቻህን ና።»

«እሺ እሺ፣ አይጨነቁ።»

እሺ ይበል እንጂ የእሑዱን ሥራ አልመለሰም። አዳራሹ በር ላይ የተለጠፈውንም ማስታወቂያ በጎረቤት ልጅ ስልክ አስነሥተው ልከውለት ነበር። ነዳጅ እየቀዳ ገለጥ አደረገውና «እሑድ፣ ስድስት ሰዓት» የሚለውን አየ። ከሥሩ የተጻፈውን ሳያይ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

በሰዓት ጉዳይ ደግሞ ኤቫሪስቶን የሚያስተምረው የለም። ከቫላርታ እስከ ሎ ዴ ማርኮስ ያለው አገር በአንድ ሰዓት ይተዳደራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ድልድይ ሲሻገሩ ሰዓቱ በአንድ ወደ ኋላ ይመለሳል። ባዕድ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚበላው። ለምሳ የመጣው ምድጃው ሳይቀጣጠል ይደርሳል፣ ሲመለስ ደግሞ አውቶቡሱ አምልጦት ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ኤቫሪስቶ በነዚህ ሰዎች ሲስቅ ነው የኖረው። እንዲያውም የሥራ ቀልድ አድርጎታል፤ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ወደ ኋላ ዞር ብሎ «ከዚህ ጀምሮ አንድ ሰዓት መርቄላችኋለሁ! ይህን የሚመርቅ ሌላ ሹፌር ካገኛችሁ የከፈላችሁትን እመልሳለሁ!» ይላል፣ እንግዶቹም ያጨበጭባሉ። ከድልድዩ ማዶ ያለችው የኤል ማንግሌ ቅዳሴ በዚያ ወደ ኋላ በቀረው፣ በድሮው ሰዓት ነው፣ ትምህርት ቤቱም በድሮው ሰዓት ነው፣ አባቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሰበሰቡትም በድሮው ሰዓት ነው። እንግዲህ የኤል ማንግሌ ስድስት ሰዓት በቫላርታ ሰባት ነው ማለት ነው። የእጅ ሰዓቱ የቫላርታን ስለሚቆጥር፣ እስከ ሰባት ጊዜ አለኝ ብሎ አስቀመጠው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

የእሑዱ እንግዶች ከሌዮን ከተማ የመጡ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ዘመቻውን የሚመሩት ዶኛ ኦብዱሊያ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ሃያ ሁለት ዓመት ተማሪ በደወል ያሰለፉ ሴት፣ ሁለት ሰዓት የተባለውን ቀጠሮ ሁለት ከሠላሳ አምስት ላይ እየተንጎራደዱ መጡ።

«ስትጠብቀን ቆየህ እንዴ?» አሉ።

«ኧረ የለም እመቤቴ» አለ፣ በውስጡ እየተቃጠለ።

ሳዩሊታ ከተማ ላይ አንዲት ባርኔጣ አርባ ደቂቃ በላች። ዶኛ ኦብዱሊያ ያነሧታል፣ ያስቀምጧታል፣ ትንሽ ሄደው ይመለሳሉ፤ ሻጩም የዋዛ አልነበረም።

«ልዩነቱን እኔ ልሙላልዎትና እንሂድ» አለ ኤቫሪስቶ በመጨረሻ።

«ገንዘቡ መሰለህ? ነገሩ የመርሕ ነው!»

ከዚያ ደግሞ ከኋላ ወንበር አንዱ ሆዱን አመመው፤ ከፊታቸው የገባው አሸዋ የጫነ መኪና በያንዳንዱ ጉብታ ላይ የሚያርፍ ይመስል ተንፏቀቀ። ኤቫሪስቶ መሪውን እየደበደበ፣ የማይሰማውን የከባድ መኪና ሹፌር ከነዘር ማንዘሩ ሰደበው። ሎ ዴ ማርኮስ ሲደርሱ አምስት ከሃያ ሆነ። «አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ! እግራችሁን አርጥባችሁ መምጣት ነው!» አላቸው። ሰባቱም እስከ አንገታቸው ገቡ።

አሥራ አምስቱ ደቂቃ አልፎ ዳር ቆሞ ሲያጨበጭብ፣ ዶኛ ኦብዱሊያ ልብሳቸው እየተንጠባጠበ ብቻቸውን ወጡ። በዚህኛው ጊዜ ድምፃቸው የዳይሬክተር አልነበረም።

«ዶን ኤቫሪስቶ፣ ያቺን ታያታለህ? እህቴ ሲዶኒያ ናት። ባሕር ካየች ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ባሏን ስታስታምም ኖራ ባለፈው ዓመት ነው የቀበረችው። ትንሽ ጊዜ ስጠን፣ እግዜር ይስጥህ።»

አየ። አንዲት ቀጭን አሮጊት ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ፣ ማዕበል በመጣ ቁጥር እንደ ሕፃን እየዘለለች ትጮኻለች። ሰዓቱን ተመለከተ፤ አምስት ከሠላሳ አምስት። ከዚህ እስከ ኤል ማንግሌ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። አሁን ቢነሣ በቫላርታ ስድስት ሰዓት ላይ ይደርሳል፣ መንደሩ ግን ገና አምስት ብሎ አዳራሹም ተቆልፎ ይቆየዋል። ምን ያስቸኩለዋል?

«አርባ ደቂቃ ውሰዱ» አለ።

ዶኛ ኦብዱሊያ በእርጥብ እጃቸው ጉንጩን ያዝ አደረጉት። ኤቫሪስቶም ኮኮናት አስከፍቶ ጥላ ሥር ተቀመጠ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ጨጓራውን ሳያቃጥለው የሰጠው ጊዜ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ደግ ሰው የሆነ መስሎት ደስ አለው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ወደ መኪናው ሲመለሱ፣ መሪው አጠገብ ትቶት የነበረው ስልክ አራት ያመለጠ ጥሪ አለው። አራቱም የእናቱ ናቸው። «ዓሣው ስንት ይሁን ሊሉኝ ነው፤ ሰባት ብያቸው የለም እንዴ!» ብሎ እየተነጫነጨ መኪናውን አስነሣ፤ ጥቂት ከነዳ በኋላ መልሶ ደወለ። ጫካው ውስጥ ገብተው ስለነበር አልሠራም።

ድልድዩን ሲሻገሩ የተለመደውን ቀልድ ጣል አደረገ፣ ሲዶኒያ ከሁሉም በላይ ሳቀች።

ኤል ማንግሌ ገብቶ አዳራሹ ፊት ለፊት ሲቆም አካባቢው በመኪና ተሞልቷል። «ዛሬስ ቀድመው መጥተዋል» አለ። እንግዶቹን በጣቱ ወደ ባሕሩ አመላከታቸው፦ «ያቺ መጨረሻ ላይ ያለችው ዳስ የእናቴ ናት፣ ተቀመጡ፣ መጣሁ።» ወደ በሩ ሲጠጋ ውስጥ ጸጥ ብሏል። ገባ። ከፊት ያሉት ሰዎች እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተዋል፤ ጸሐፊው በመካከላቸው እየዞረ ይቆጥራል።

«የሚቃወሙ፣ አሥራ ሰባት… አሥራ ስምንት… አሥራ ዘጠኝ።»

ኤቫሪስቶ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ወረወረ። ጸሐፊው አየውና ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ።

«ሃያ! ዘለልከኝ እኮ!»

«አልዘለለህም» አሉ የማኅበሩ ሊቀመንበር ዶን ማካሪዮ ከመድረኩ። «ስም ሲጠራ አልነበርክም፣ ኤቫሪስቶ። ዝርዝሩ ስድስት ሰዓት ላይ ተዘግቷል፤ ደንቡን ታውቀዋለህ።»

«ምን ስድስት ሰዓት? ገና ለስድስት ሃያ ጉዳይ ነው!»

ከወዲያኛው ጥግ፣ ከሆቴሉ ወገን፣ የአጎቱ ልጅ አምብሮሲዮ ሳቁን ለቀቀው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ለቱሪስቶችህ ሂድና ንገራቸው!»

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለ ኤቫሪስቶ፤ ድምፁ ግን ተሰብሮ ወጣ።

ዶን ማካሪዮ ከመድረኩ ወርደው ማስታወቂያውን አምጥተው ሰጡት። ከሥሩ በደማቅ «በቫላርታ ሰዓት» ይላል። ሦስት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተነግሯል። ሦስቱንም እሑድ ኤቫሪስቶ ሳዩሊታ ላይ ሰው ሲጠብቅ ነበር።

«የመንደራችን ስብሰባ መቼ ነው በቫላርታ ሰዓት ተደርጎ የሚያውቀው?» አለ።

«ውሉን የሚያረጋግጠው ሰውዬ ከዚያ ስለሚመጣ ነው፣ አንድ» አሉ ሽማግሌው። «ሌላው ደግሞ ለእናንተ ብለን ነው፣ ልጄ። ቫላርታ ለምትሠሩት። እንዳትሳሳቱ ብለን።»

ጸሐፊው ውጤቱን ቆሞ አነበበ። የተገኙ ሃምሳ ሰባት፣ የደገፉ ሠላሳ ስምንት። ከሦስት ሁለት እጅ፣ ልክ ልኩን። አንድ ሰው ብቻ ተጨምሮ ቢቃወም ኖሮ አይሞላም ነበር። ይህን ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረም፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ግን ዞሮ ያየው ኤቫሪስቶን ነው። ዝም ብለው ከሚያዩት ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ደጅ ላይ ርችት ተተኮሰ።

ወደ ባሕሩ ሲወርድ እግሩ አሸዋው ውስጥ እየሰመጠ አስቸገረው። ራሱን ረገመ። ባርኔጣዋን ረገመ፣ አሸዋ የጫነውን መኪና ረገመ፣ ሲዶኒያን ሊረግም ሲል አፈረና ተወው።

እንግዶቹ ጫማቸውን አውልቀው ጠረጴዛውን ከበዋል። ዶኛ ኤርሚላ ጀርባቸውን ሰጥተው ፍሙ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ርችቱን ሰምተዋል፤ ርችቱን የሚተኩሰው የትኛው ወገን እንደሆነም ያውቃሉ።

«እማዬ፣ ሰዓቱን…»

«አራት ጊዜ ደወልኩልህ።»

«ስልኩ መኪና ውስጥ ነበር።»

አንዱን ዓሣ ከነመጥበሻው ፍርግርግ ገለበጡ፣ ጨው ነሰነሱ። ኤቫሪስቶ እንዲጮኹበት ፈለገ፤ ልጅ ሳለ እንደሚያደርጉት የመያዣ ጨርቁን ፊቱ ላይ ቢወረውሩት ደስ ባለው። እሳቸው ግን ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

«አባትህ ያን ወረቀት ሲያስሞላ የእኔን ስም ሊያስጽፍ ነበር፣ ታውቃለህ?»

«የእርስዎን?»

«ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ ነበር። ‹ተው፣ ለልጁ አድርገው› ያልኩት እኔ ነኝ። ሴት ስትናገር እዚያ አዳራሽ ማን ይሰማል፣ ልጄን ይሰሙታል ብዬ።» ፍሙን በእንጨት ገፋ ገፋ አደረጉት። «ከዚህ እስከ አዳራሹ መቶ እርምጃ አይሞላም። ጠዋት ሄጄ በሩ ላይ እቀመጥ ነበር።»

ኤቫሪስቶ ዳሷን፣ ያጠቆራትን ጭስ፣ ራሱ የዛሬ ዓመት ጣሪያዋ ላይ ወጥቶ የቀየረውን ዘንባባ ተራ በተራ አየ።

ዶኛ ኤርሚላ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓሣዎች ሳህን ላይ አወጡና ሎሚውን ከጎናቸው አስቀምጠው ወደ እሱ ገፉለት።

«በል፣ ሰዎችህ ርቧቸዋል። ለዚያች ቀጭኗ ትልቁን ስጣት።»

ሳህኖቹን አንሥቶ ሄደ።