ለአምስት የተገነጠለ ልቦለድ

ላሊበላ ውስጥ የአሥራ አንደኛ ክፍል እንግሊዝኛ ሳስተምር፣ ለስልሳ ተማሪ የነበረን ልቦለድ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ፎቶ ኮፒ። ለአምስት ገንጥዬ ለአምስት ቡድን በዕጣ አደልኩት። እያንዳንዱ ቡድን የደረሰውን አንብቦ አንድ የልቦለድ አላባ ለክፍሉ ያስተምራል፤ አንዱ መቼት፣ አንዱ ግጭት፣ አንዱ ሴራ። በዘዴዬ ኮርቼ ነበር። አሁን ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

ልቦለዱ ዲስቶፒያ ከሚሏቸው ነው፤ ገና ያልመጣ ክፉ ዘመን እያሰቡ የሚጽፏቸው። መቼት የደረሰው ቡድን መብራት ስለሌላት፣ ስልክ ስለተቋረጠባት፣ ሰው ገና በጊዜ በሩን ስለሚዘጋባት ከተማ አስረዳ። ከኋላ አንዱ፣ "ይኸ ምኑ ነው መጪ ዘመን? ያየነው አይደል እንዴ?" አለ። ጥቂቶች ሳቁ።

መጨረሻው ክፋይና ሴራው የደረሰውን ቡድን ወክላ የወጣችው፣ ከሙጃ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ነበረች። ታላቅ ወንድሟ በጦርነቱ ከቤት እንደወጣ ወሬው ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፎታል። መርዶ ስላልመጣ ቤተሰቡ ለቅሶ አልተቀመጠም። እናቷ ገበያ የመጣውን እንግዳ ሁሉ እየያዙ ይጠይቃሉ። ልቦለዱ ውስጥም አንዲት ሴት የተወሰደባትን ወንድሟን ትጠብቃለች። ዕጣው ለቡድኗ ሲወጣ ይህን እያወቅሁ ወረቀቱን ሰጠኋት፤ ልቤ የት እንደነበር እንጃ።

ሰሌዳው ላይ ቀስቶች እየሣለች፣ "ሴራ ማለት ምክንያት ያለው ድርጊት ነው" አለች። "ይኸን ሁሉ ዘመን ጠብቃ ካልመጣ፣ መጠበቋ ምክንያቱ ምንድን ነው? ስለዚህ መጣ። በሩን አንኳኳ፣ ከፈተችለት።"

እኔ ተነሣሁ። "እንዲያ አይደለም የሚያልቀው። ወንድሟ አይመለስም፤ ድሮ ገድለውታል። የመጨረሻውን ገጽ ዘለሽዋል።"

"አልዘለልሁም መምህር" አለች። "አንብቤዋለሁ።"

ጠመኔውን አስቀምጣ ተቀመጠች። ከአሥር ስድስት ሰጠኋት።

በላስታ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌዎች ገና ጎህ ሳይቀድ ይሄዳሉ፤ ዘመድ አስቀድሞ እንዲሰማ ይደረጋል፤ የሚደግፍ ሰው አጠገብ ይቆማል። እኔ በጠራራ ፀሐይ፣ በስልሳ ልጆች ፊት ተናገርሁት።

ሰኞ ጥቁር ለብሳ መጣች። ከቤት መርዶ መጥቶ እንደሆነ የአገሯን ልጆች ጠየቅሁ። ምንም አልመጣም።