የእናቴ ግምጃ

ክረምት አልፎ ቁም ሣጥኔን ስከፍት የሚቀበለኝ የሻጋታ ሽታ፣ ወዳደግኩባት ቴፒ መልሶ ከእናቴ የእንጨት ሣጥን ፊት ያቆመኛል። በሣጥኑ ውስጥ በአቡጀዲ ተጠቅልሎ፣ ከአያቷ የወረሰችው ቀይ የሐር ካባ ይቀመጥ ነበር፤ እሷ ግን ካባ ብላ ጠርታው አታውቅም፣ «ግምጃዬ» ነበር የምትለው። ወላጆቼ ከወሎ ሲመጡ የያዙት የክብር ልብስ እሱ ብቻ ነበርና፣ ለታላቅ እህቴ ለዘርፌ ሠርግ እንደምትለብሰው እየነገረችን ትቆልፍበት ነበር።

ክረምት ገብቶ ዝናቡ ለወራት አላባራ ሲል፣ እዚያው አጠገብ ሸኮ የተወለዱት ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ የክት ልብሳቸውን ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ሰቅለው በጭስ ያደርቁት ነበር።

«የዘርፌ እናት፣ ልብስሽ ታፍኖ ይሞታል። አምጪው፣ ከኔ ጋር ይሰቀል» ይሏታል።

«ግምጃ እንደ ቋንጣ ይሰቀላል እንዴ? በኛ አገር ሣጥን ልብስ በልቶ አያውቅም!»

ለወሎ ደጋ እውነቷን ነበር።

መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ፣ ጥር ላይ ዘርፌ ተዳረች። በሠርጉ ጠዋት እናቴ ሣጥኑን ስትከፍት ግምጃው አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ ነበር፤ ብታነሣው ከትከሻው ተበጥሶ እጇ ላይ ቀረ። ሳታለቅስ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠችና «እኔ አልወጣም፤ ልጄን ሌላ ሰው ይሸኝልኝ» አለች። ዘርፌ በሙሽራ ልብሷ በሩ ላይ ቆማ ስታለቅስ፣ እትዬ በላይነሽ ቤታቸው ደርሰው መጡና ነጠላቸውን እናቴ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ።

«ጭስ ጭስ ይላል። ቋንጣ ነው፣ ቻይው።»

እናቴ ሳቀች፤ ዕንባዋ የመጣው ከሳቁ በኋላ ነበር። ልጇንም በዚያ ነጠላ መርቃ ሸኘች።

እኔ በትምህርት ብዙ አልገፋሁም፤ የቃሉን ነገር የደረስኩበት ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ እያነበብኩ ነው። ግምጃ ድሮ የመኳንንት የሐርና የወርቀ ዘቦ ልብስ ነበር፤ ግምጃ ቤት የተባለውም እሱ የሚጠበቅበት ክፍል ነው። ዛሬ ልጆቼ ግምጃ ቤት ሲባል የሚያውቁት የዕቃ መጋዘን ነው፤ ልብሱ ተረስቶ ቁልፉ ቀረ።

አዲስ ልብስ ለበዓል ብለው ሲደብቁ እቆጣቸዋለሁ፤ አባታችን ኃይለኛ ነው ይላሉ፣ አልዋሹም። ቤታችን ዛሬ ቆጥ የለውም። የእናቴን ሣጥን ግን ቁልፉን ነቅዬ የዘወትር ልብሳቸውን አኑሬበታለሁ። ያን ቀን ብትስቅም፣ እናቴ ግምጃዋን አንድ ጊዜ እንኳ ሳትለብሰው ነው የሞተችው።